ብሩ ከፋይሉ ቀድሞ ተመለሰ፦ የአንድ የጉቦ ጥቆማ የጉዳይ ጥናት ከባሕር ዳር

ወይዘሮዋ የባሕር ዳር ነዋሪ ናቸው። ቤታቸው ከጣና ዳርቻ በእግር አሥር ደቂቃ አይሞላም። ባለቤታቸው ሲያርፉ ቤቱም ቦታውም በሟች ስም ቀረ። የጠየቁት ነገር አንድ ብቻ ነበር፤ የይዞታ ማረጋገጫ ካርታው ከሟች ስም ወደ እሳቸውና ወደ ሦስት ልጆቻቸው ስም እንዲዛወርላቸው። የወራሽነት ማስረጃቸውን ከፍርድ ቤት አውጥተዋል፣ የዓመቱን ግብር ከፍለዋል፣ በቦታው ላይ የሚከራከራቸው ሰው የለም። እንዲህ የተሟላ ማመልከቻ በአንድ ሳምንት ቢበዛ በሁለት ሳምንት ያልቃል። የእሳቸው 26 ወር ፈጀ።

እኔ ጠበቃ ነኝ። ጉዳዩን ያለ ክፍያ ይዤ ከጥቆማው ቀን ጀምሮ እስከ መጨረሻው ፊርማ ተከታትየዋለሁ። ወይዘሮዋ ታሪኩ እንዲጻፍ ፈቅደውልኛል፤ ስማቸውን፣ ቀበሌያቸውንና የመሥሪያ ቤቱን ስም ግን አልጠቅስም።

ይህን ጉዳይ ለመጻፍ ያስነሳኝ አንድ የሚያንገበግብ ነገር ነው። እዚህ ላይ የፀረ ሙስና ሕጉ ሠርቷል። ጥቆማ ቀረበ፣ ገንዘቡ እጅ ከፍንጅ ተያዘ፣ ሁለት ሰዎች ተከሰሱ፣ ሁለቱም ጥፋተኛ ተባሉ። የዓመቱ ሪፖርት ላይ ቢገባ ከተሳኩት መዝገቦች አንዱ ሆኖ ይቆጠራል። ወይዘሮዋ ግን ከተፈረደላቸው በኋላም ስምንት ወር ደጅ ጠንተዋል፤ ያስጠናቸውም ራሱ ጥቆማቸው ነበር።

የጠፋው ፋይል

ማመልከቻውን ያስገቡት ሐምሌ 2010 ዓ.ም. ነው። በሁለተኛው ሳምንት ሲመለሱ የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ከብረት ፍርግርጉ ውስጥ ሆኖ «እማማ፣ ፋይሉ አልተገኘም» አላቸው። ሌላ ቀን ሄዱ፤ «እየተፈለገ ነው» ተባሉ። በሌላ ቀን ደግሞ «ነገ ይመለሱ»። ያንን ክረምት ዣንጥላ ይዘው ተመላለሱ። ከዚያ ሁሉ ቀን ወይዘሮዋ አንድ ነገር በደንብ ያስታውሳሉ፦ ሠራተኛው ጠረጴዛ ላይ አንድ ወፍራም ፋይል ነበር፤ በፋይሉ ላይ ደግሞ የሻይ ብርጭቆ ተቀምጦበት ነበር።

ከግቢው በር ፊት ለፊት አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት አለ። በበረንዳው ላይ የፕላስቲክ ወንበር አውጥቶ የሚውል ሰው ማመልከቻ ይጽፋል፣ ቴምብር ይሸጣል፣ የሰው ጉዳይ ይከታተላል። ሰዉ «ጉዳይ አስፈጻሚ» ይለዋል። መስከረም ላይ ይህ ሰው ወይዘሮዋን ጠራቸውና እንዲህ አላቸው፦ «እማማ፣ የጠፋው ፋይሉ አይደለም፤ የሚፈልገው ሰው ነው። ፈላጊ ደግሞ በባዶ እጁ አይፈልግም።»

3 ሺህ ብር ሰጡት። በማግስቱ ፋይሉ መገኘቱ ተነገራቸው። ሳምንት ሳይሞላ እንደገና ጠፋ። አሁን የሚፈለገው 15 ሺህ ብር ሆነ፤ «ለላይኛውም ስለሚደርስ» ተባሉ።

የ15 ሺህ ብሩን ክብደት ለመረዳት የወይዘሮዋን ኑሮ ማወቅ ያስፈልጋል። የሚተዳደሩት ግቢያቸው ውስጥ ያሉትን ሦስት ሰርቪስ ክፍሎች ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በማከራየት ነው። ከክፍሎቹ የአንደኛው የኋላ ግድግዳ ተሰንጥቋል። ግድግዳውን ለማሠራት ብድር ጠይቀው ባንኩ ካርታው በስማቸው ይሁን አላቸው። ካርታ ፍለጋ የተጀመረው ከዚህ ነው። በ2011 ክረምት ያ ግድግዳ ወደቀ፤ ተከራዮቹም ለቀቁ። ይህ ጉዳት በየትኛውም የክስ መዝገብ ውስጥ አልተጻፈም።

ወደ ጥቆማ የወሰዳቸው መንገድ

መጀመሪያ ወደ እኔ ሲመጡ ሊከሱ አልነበረም። 15 ሺህ ብሩን ከፍለው ሲያበቁ ፋይሉ ሦስተኛ እንዳይጠፋ «አንድ ወረቀት ጻፍልኝ» ነበር ያሉኝ። ጉቦ መስጠትም እንደ መቀበሉ ወንጀል መሆኑን ስነግራቸው ፊታቸው ተለወጠ። 3 ሺህ ብሩን ከፍለዋል። «ታዲያ ልጄ፣ እኔም ሌባ ነኝ?» ብለው ጠየቁኝ።

ይህ ጥያቄ በብዙ ቤት ውስጥ ሰውን አፉን አስይዞ ያስቀምጣል። ሕጉ ግን ለዚህ መልስ አለው። በ1997 ዓ.ም. የወጣው የፀረ ሙስና ልዩ የሥነ ሥርዓትና የማስረጃ ሕግ አዋጅ ቁጥር 434፣ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ከመድረሱ በፊት የሆነውን በትክክል ላስረዳ ተሳታፊ ከክስ ነፃ የሚሆንበትን በር ከፍቷል። በ2003 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 699 ደግሞ ለወንጀል ምስክሮችና ጠቋሚዎች ጥበቃ ይሰጣል። ሁለቱንም አስረዳኋቸው። አልተዋጠላቸውም። «በወረቀት» አሉኝ።

ወንድማቸው ከእሳቸው የባሱ ተጠራጣሪ ነበሩ። ጡረታ የወጡ ወታደር ናቸው። «ይህ ሕግ ለትልልቆቹ ጠብ የወጣ ነው» ይላሉ፤ ያሉበትም ምክንያት አላቸው። የፌዴራሉ የሥነ ምግባርና ፀረ ሙስና ኮሚሽን በአዋጅ ቁጥር 235 የተቋቋመው በ1993 ዓ.ም. ነው፤ የገዥው ፓርቲ አመራር ለሁለት በተከፈለበት ዓመት ማለት ነው። በዚያው ሰሞን ከተከፈለው አመራር በተሸነፈው ወገን የነበሩት የቀድሞው የመከላከያ ሚኒስትር ስዬ አብርሃ በሙስና ተጠርጥረው ታሰሩ፤ ዳኛ ብርቱካን ሚደቅሳ በዋስ እንዲለቀቁ አዘዙ፤ ስዬ ግን እንደገና ተያዙ። ምክር ቤቱም ብዙ ሳይቆይ በሙስና የተያዘ ሰው ዋስትና እንዳያገኝ የሚከለክል ማሻሻያ አጸደቀ። ክልከላው ከአሥር ዓመት በላይ በሚያስቀጡ ወንጀሎች ላይ ብቻ እንዲሆን የተደረገው ኋላ በአዋጅ 434 ነው። ሕጉ የፖለቲካ ሽታ ይዞ መወለዱ እስከ ዛሬ ዋጋ እያስከፈለን ነው። ሰው አዋጁን የሚያስታውሰው በአንቀጹ ሳይሆን በታሰረበት ሰው ስም ነው።

የወይዘሮዋን ልብ ያነሳሳው ቴሌቪዥን ነው። ኅዳር 2011 መጀመሪያ ላይ የወቅቱ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ብርሃኑ ፀጋዬ የመንግሥቱ የብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን (ሜቴክ) ያለ ጨረታ የ37 ቢሊዮን ብር የውጭ ግዥ መፈጸሙን ሲናገሩ አገሩ ሁሉ ሰማ። በነጋታው ወይዘሮዋ ቢሮዬ መጡ። «37 ቢሊዮን የሚጠየቅ ከሆነ የእኔ 15 ሺህም ይጠየቃል» አሉ።

በእኔ ምክር ያደረጉት አንድ ስሕተት አለ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። በመጀመሪያ የላክኋቸው በዚያው መሥሪያ ቤት ወዳለው የሥነ ምግባር መከታተያ ክፍል ነበር። ክፍሉ የተቋቋመው ለዚህ ነው ብዬ አሰብሁ። ጠዋት ተናግረው ወጡ፤ ከሰዓት በኋላ ጉዳይ አስፈጻሚው ስልክ ደወለላቸው። «እማማ፣ ምን በደልን?» ነበር ያላቸው። ሲያወሩልኝ እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። ከዚያ በኋላ በፌዴራል ደረጃ እነዚህን ክፍሎች ያን ጊዜ ይገዛ የነበረውን የ2000 ዓ.ም. ደንብ ቁጥር 144 እንደገና አነበብሁ። በደንቡ መሠረት ክፍሉ ተጠሪነቱ ለዚያው መሥሪያ ቤት የበላይ ኃላፊ ነበር። ጠባቂው ደመወዙን የሚቀበለውም፣ ቢሮ የሚሰጠውም፣ የሥራ ውጤቱ የሚሞላለትም ከሚጠብቀው ሰው ነበር። ከዚያ ወዲህ አንድም ባለጉዳይ ወደዚያ ልኬ አላውቅም።

150 ኖቶች

ጥቆማው ከመሥሪያ ቤቱ ውጪ ላለው መርማሪ አካል በዚያው ኅዳር ቀረበ። ሥራቸው የተደራጀ ነበር፤ ይህን መመስከር አለብኝ። ያን ጊዜ የአገሪቱ ትልቁ ኖት መቶ ብር ስለነበር 15 ሺህ ብሩ 150 ኖት ሆነ። ኖቶቹ አንድ በአንድ ፎቶ ኮፒ ተነሡ፣ ተከታታይ ቁጥራቸው በዝርዝር ተጻፈ፣ ወይዘሮዋና ሁለት ታዛቢዎች በየገጹ ፈረሙ። ፊርማው ብቻ ሁለት ሰዓት ወሰደ። ብሩ የራሳቸው ነው፤ ከዕቁብ የደረሳቸው። በፌስታል ጠቅልለው መቀነታቸው ውስጥ አሰሩት። ወደ ፎቶ ኮፒ ቤቱ ሲሄዱ እኔ በመንገዱ ማዶ ነበርሁ፤ ነጠላቸውን ደጋግመው ሲያስተካክሉ አያለሁ፤ አንድ ጊዜም ወደ እኔ አልዞሩም።

ጉዳይ አስፈጻሚው ብሩን ተቀብሎ ወደ ግቢው ገባ። መርማሪዎቹ ተከትለው ሲደርሱ 50ው ኖት በኪሱ፣ 100ው በመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ የተቆለፈ መሳቢያ ውስጥ ተገኘ። ከብሩ ሥር ፋይሉ ነበር። ሽፋኑ ላይ ክብ የሻይ ምልክት አለበት። ወይዘሮዋ ኋላ ፍርድ ቤት ውስጥ ፋይሉ ከፍ ተደርጎ ሲታይ አጠገቤ ተቀምጠው «ብርጭቆው የነበረው እኔው ላይ ነው» አሉኝ፤ በሹክሹክታ።

የተከሰሱት በ2007 ዓ.ም. በወጣው የሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881 ነው፤ አንዱ ጉቦ በመቀበል፣ ሌላው በማቀባበል። የሠራተኛው መከላከያ እንደሚጠበቀው «ያበደርሁትን መለሰልኝ» የሚል ነበር። ይህ መከላከያ እንደ ቀላል የሚታይ አይደለም። የኖቶቹ ቁጥር ብሩ ከወይዘሮዋ መነሣቱን ያስረዳል እንጂ በሁለቱ ሰዎች መካከል ብድር አለመኖሩን አያስረዳም። መከላከያውን ያፈረሰው ፋይሉ ነው። ሠራተኛው በፊርማው «በመዝገብ ቤታችን አልተገኘም» ብሎ የጻፈው ፋይል በራሱ መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎ መገኘቱን የሚያብራራ ብድር የለም። ስለዚህ ፋይሉ የዐቃቤ ሕግ ዋና ማስረጃ ሆነ፤ ማለትም ኤግዚቢት ሆነ። በሲባጎ ታሰረ፣ ማኅተም ተመታበት፣ ወደ ኤግዚቢት ክፍል ገባ።

«ላይኛው» የተባለው ሰው አልተከሰሰም። ማስረጃው እሱ ጋር አልደረሰም። ከጉዳይ አስፈጻሚው አፍ የወጣ ቃል ብቻ ነበር፤ እሱም ችሎት ላይ ቃሉን አነሣ።

የዚያን ሰሞን ባሕር ዳር ስለ ሌላ ክስ ነበር የምታወራው። ጥር 2011 ላይ የገዥው ፓርቲ ነባር አመራሮች የነበሩት በረከት ስምዖንና ታደሰ ካሳ በአማራ ክልል ካለው የንግድ ድርጅት ከጥረት ኮርፖሬት ጋር በተያያዘ በሙስና ተጠርጥረው ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር መጡ። ቀጠሮ በነበረ ቁጥር የከተማው ሰው ጆሮ ወደዚያ ነበር። ሚያዝያ 30 ቀን 2012 ዓ.ም. በረከት በ6 ዓመት፣ ታደሰ በ8 ዓመት ጽኑ እስራት እንዲቀጡ ተወሰነ። የወይዘሮዋን መዝገብ ችሎት ሲሰማ ከባለጉዳዮቹ ውጪ የተቀመጡትን ቆጥሬያለሁ፤ ሰባት ነበሩ። የሕጉን ውጤታማነት የምንለካው በታሰረው ሰው ሹመት ቁመት ስለሆነ እንዲህ ያለውን መዝገብ ማንም አይመጣለትም። አብዛኛው ሰው ግን ሙስናን የሚያውቀው በቢሊዮን አይደለም። ዕድሜ ልኩን የሚያገኘው በፍርግርግ መስኮት ላይ ነው። ትራንስፓረንሲ ኢንተርናሽናል በየዓመቱ በሚያወጣው፣ ነጥቡ ከፍ ባለ መጠን ሙስናው ዝቅ ያለ መሆኑን በሚያሳየው የሙስና መለኪያ ኢትዮጵያ በ2012 እ.ኤ.አ. ከመቶ 33 አገኘች፤ ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ፣ በ2023 እ.ኤ.አ.፣ 37። በእነዚህ ዓመታት መካከል አዋጅ 881 ወጥቷል፣ የምርመራና የክስ ሥልጣን በ2008ቱ አዋጅ ቁጥር 943 በፌዴራል ደረጃ ከኮሚሽኑ ወጥቶ ለፖሊስና ለጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ተሰጥቷል፣ ስመ ጥር ሰዎች ታስረዋል። አራት ነጥብ ነው የጨመርነው።

ከፍርድ በኋላ

ፍርዱ የተሰጠው ጥር 2012 ላይ ነው፤ ከጥቆማው አሥራ አራት ወር በኋላ። ሁለቱም ጥፋተኛ ተባሉ፣ እስራትና የገንዘብ መቀጮ ተወሰነባቸው። ቅጂውን እዚያው ኮሪደር ላይ ቆሜ አነበብሁት። ስለ 150ዎቹ ኖቶች አንድ ሙሉ አንቀጽ ነበረው፤ ተከታታይ ቁጥራቸው ተጠቅሶ ለወይዘሮዋ እንዲመለስ ታዟል። ስለ ፋይሉ አንድ ቃል አልነበረውም።

ሁለት ጊዜ አገላበጥሁት። የለም።

ብሩን በሁለት ሳምንት ውስጥ ተቀበሉ። ፋይሉን ለማግኘት ግን ሌላ አቤቱታ ማስገባት ነበረብኝ። ማን ነው ጠያቂው? ወይዘሮዋ በመዝገቡ ውስጥ ተከራካሪ አይደሉም፤ ምስክር ናቸው። ከሳሹ ዐቃቤ ሕግ ነው፤ ፋይሉ ደግሞ የመሥሪያ ቤቱ ንብረት ነው። ጸሐፊው «በእርስዎ ስም አይሆንም» አለኝ። መሥሪያ ቤቱ እንዲጠይቅ ደብዳቤ ጻፍን፤ መሥሪያ ቤቱ «ፍርድ ቤት ሲያዘን እንረከባለን» ብሎ መለሰ። በዚህ መካከል መጋቢት 2012 ላይ ኮሮና ገባ፤ ቢሮዎች በከፊል ሠራተኛ ሆኑ። ፋይሉ ከሲባጎው የተፈታው ሰኔ ላይ ነው።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ የማስበውን ልናገር። ፋይሉ መያዙ ተገቢ ነበር፤ ያለ እሱ ፍርዱ አይገኝም። ዋናው ፋይል ግን እስከ ፍርድ ቀን መታሰር አልነበረበትም። በተያዘበት ዕለት እያንዳንዱ ገጽ ተገልብጦ፣ ከዋናው ጋር ተገናዝቦ፣ ማኅተም ተመትቶበት በመዝገቡ ቢቀመጥ፣ ሽፋኑም ፎቶ ቢነሣ፣ ዋናው ለሥራ መመለስ ይችል ነበር። 150 ኖት አንድ በአንድ ገልብጠው ያስፈረሙ ሰዎች 60 የማትሞላ ገጽ መገልበጥ አይሳናቸውም ነበር። ማንም ክፋት አስቦ አይደለም። የምርመራው ዓይን ያለው ወንጀለኛው ላይ ነው፤ ያቺ ሴት መጀመሪያውኑ ለምን ወደ መሥሪያ ቤቱ እንደሄደች የመጠየቅ ግዴታ የተሰጠው ሰው የለም። እኔም አልጠየቅሁም። በተያዘበት ዕለት ደስ ብሎኝ ሻይ ጋብዣቸው ነበር፤ ያኔውኑ አቤት ማለት ነበረብኝ።

የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 101 በወንጀል የተጎዳ ሰው ካሳ እንዲጠይቅ ይፈቅዳል። ኢትዮጵያ ያጸደቀችው የተባበሩት መንግሥታት የፀረ ሙስና ስምምነትም በአንቀጽ 35 በሙስና የተጎዱ ሰዎች ካሳ የመጠየቅ መብት እንዲኖራቸው አገሮችን ያስገድዳል። በእኛ ችሎቶች ግን ሙስና የተበደለው መንግሥት ብቻ እንደሆነ ተደርጎ ነው የሚታየው። የወደቀው ግድግዳ የማን ነው?

ፋይሉ ተመለሰ ማለት ጉዳዩ አለቀ ማለት አልነበረም። በተፈረደበት ሠራተኛ ቦታ የተተካችው ወጣት ፋይሉን ስታይ ሽፋኑ ላይ ያለውን የኤግዚቢት ቁጥር አነበበች፤ ወዲያው ለአለቃዋ አሳለፈችው። አለቃዋ ለሕግ ክፍል መራው። የሕግ ክፍሉ «የበላይ አካል አስተያየት ይጠየቅበት» ብሎ መለሰው። ቀያሹ ቦታውን ሊለካ በመጣ ቀን ሜትሩን ሳይዘረጋ «በዚህ ፋይል እጄን አላስገባም» ብሎ ሄደ። ማንም ጉቦ አልጠየቃቸውም። ሁሉም በትሕትና ነበር ያናገሯቸው፤ ወንበር ሁሉ ይሰጧቸው ነበር። የሚፈርም ግን ጠፋ።

ይህንን ፍርሃት ልንቀው አልቻልሁም፤ ምክንያቱም ሕጉ ራሱ የወለደው ነው። በሥልጣን ያለአግባብ መገልገል የሚለው ወንጀል አገላለጹ ሰፊ ነው፤ በስሕተት የፈረመ ሰውም በዚያ ጥላ ሥር ልውል እችላለሁ ብሎ ይሰጋል። ያልፈረመ ሰው ግን ምን ይሆናል? እርግጥ ሕጉ ጉዳይን ያለአግባብ ማጓተትንም ወንጀል አድርጎታል። ነገር ግን ወንጀል የሚሆነው የማይገባ ጥቅም ለማግኘት ወይም የሰው መብት ለመጉዳት ታስቦ ሲደረግ ነው። በፍርሃት ማጓተት በዚያ አይያዝም። ስለዚህ ብልህ ሠራተኛ አይፈርምም። የሚፈርመው ወይ ደፋር ነው ወይ ተከፍሎታል፤ ወይዘሮዋ በ26 ወር ውስጥ ያገኙት ደፋር አንድ ብቻ ነበር።

በዚያው 2012 ዓ.ም. ይህን ሊፈታ የሚችል ሕግ በአገሪቱ ወጥቷል። የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183 የአስተዳደር ውሳኔ በፍርድ ቤት እንዲከለስ መንገድ ይከፍታል፤ ባለጉዳዩ የሚከሰው ሠራተኛውን ሳይሆን ውሳኔውን ነው። ሙስናን በስሙ የሚጠራ አዋጅ አይደለም፤ ለእኔ ግን ከ881 ይልቅ ጉቦን ከሥሩ የሚነቅለው እንዲህ ያለው ነው። የጠፋ ፋይል ዋጋ የሚያወጣው ባለጉዳዩ ከፍርግርጉ ሌላ የሚሄድበት ስለሌለው ነው። አዋጁ ግን የፌዴራል መሥሪያ ቤቶችን ነው የሚገዛው። እንደ ባሕር ዳር ባለ የክልል ከተማ ካርታ የሚሰጠው መሬት ቢሮ በእሱ ሥር አይደለም።

መፍትሔው የመጣው ከአንድ አዲስ ኃላፊ ነው። ሁለት ነገር ጠየቀኝ፦ ፋይሉ የተመለሰው ለመደበኛ አገልግሎት መሆኑን የሚገልጽ የፍርድ ቤት ደብዳቤ፣ እና ትንሽ ጊዜ። ደብዳቤውን አመጣሁ። እሱም ሦስት ባለሙያዎች ሰብስቦ ፋይሉን ገጽ በገጽ አስመረመረና በቃለ ጉባኤ አስፈረማቸው፤ ከዚያ የራሱን ፊርማ አኖረ። በሌላ ሰው ፋይል አንድ ፊርማ የሚበቃው ሥራ አራት ፊርማ ወሰደ። ያን ኃላፊ አከብረዋለሁ፤ ቢሮው ውስጥ ስንቀመጥ እሱም ፈርቶ ነበር፤ እስክሪብቶውን ሁለት ጊዜ አንሥቶ አስቀምጧል።

ካርታው በወይዘሮዋና በልጆቻቸው ስም የወጣው መስከረም 2013 ዓ.ም. ነው። ባንኩ ብድሩን ሰጠ። የግንባታ ዕቃ ዋጋ በሁለት ዓመት ውስጥ በመወደዱ ብሩ ለሦስቱ ክፍሎች አልበቃም፤ ሁለቱ ብቻ ተሠሩ።

በቅርቡ ልጠይቃቸው ስሄድ ጎረቤታቸው እዚያ ነበሩ። እሳቸውም ፋይላቸው «አልተገኘም»፤ ገንዘብ ተጠይቀዋል። ልጠቁም ወይስ ልክፈል ብለው ወይዘሮዋን ሊያማክሩ ነው የመጡት። እኔ ዝም አልሁ። ወይዘሮዋ ቡናውን ቀድተው ሲያበቁ «ጠቁሚ» አሏቸው። «ግን መጀመሪያ እጅሽ ላይ ያለውን ወረቀት በሙሉ ኮፒ አስደርጊ፤ በሁለት ቅጂ። ፋይሌን ስትይዙት ገልብጡልኝ ብለሽም በጽሑፍ ጠይቂያቸው፤ ፍርድ ሲሰጥ ዳኛው ስለ ፋይሉ እንዲጽፍ ዐቃቤ ሕጉን ለምኚው።» ወደ እኔ ዞረው «አይደል እንዴ?» አሉኝ።

ጎረቤቲቱ ሐሳቡን ሲሰሙ እንደ መድከም አደረጋቸው። ቡናቸውን ጨርሰው ወጡ። ወረቀቶቻቸውን ግን በማግስቱ ኮፒ አስደርገዋል፤ ሁለተኛውን ቅጂ እኔ ጋር አስቀምጠውታል። ጥቆማውን እስከ ዛሬ አላስገቡም።